እንግዳው እናንተ ናችሁ፦ መጠለያ ካለ በቀቀን ጋር እንዴት ትተዋወቃላችሁ?

ባለቤት ያጡ ወፎች የሚቆዩበት የወፍ መጠለያ በር ሲከፈት መጀመሪያ የሚቀበላችሁ ጩኸት ነው። ሃያ ሠላሳ በቀቀን በአንድ አፍ ይጮሃል። አንዱ እንደ ስልክ ይጠራል፤ ስልክ ግን የለም። ሌላው እንደ ውሻ ይጮሃል። ጥግ ላይ ያለችው ነጭ ኮካቱ "ሄሎ! ሄሎ! ሄሎ!" ትላለች፣ መልስ እስክታገኝ አታቆምም። እኔ መጀመሪያ የሄድኩ ዕለት ከበሩ ልመለስ ምንም አልቀረኝም ነበር።

የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። ጥቂት ዓመታት ሆነኝ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ መጠለያ እየሄድኩ ኬጅ አጸዳለሁ፣ የውሃ ዕቃ አጥባለሁ፣ አዲስ ሰው ሲመጣ ከወፎቹ ጋር አስተዋውቃለሁ። አልፎ አልፎ ሐበሻም ይመጣል። ብዙውን ጊዜ ልጆቹ ናቸው ወላጆቻቸውን ጎትተው የሚያመጡት። ይህን የምጽፈው ለእነዚያ ወላጆች ነው። ወፍ ወስዶ ሊያሳድግ ያሰበም፣ አይቶ ብቻ የሚመለስም ይጠቀምበታል።

ሰው ቤት በእንግድነት መሄድ ታውቁበት የለ? በሩ ላይ "ቤቶች!" ትላላችሁ። ግቡ እስክትባሉ ትቆማላችሁ። ተቀመጡ የተባላችሁበት ትቀመጣላችሁ። ሰተት ብላችሁ ጓዳ አትገቡም። በቀቀን ዘንድም እንደዚያው ነው። ኬጁ ጓዳው ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

1. ማን ዘንድ እንደምትሄዱ እወቁ

መጠለያ ያለ በቀቀን ሁሉ ተደብድቦ፣ ተርቦ የመጣ እንዳይመስላችሁ። ብዙዎቹን እዚያ ያደረሳቸው ዕድሜያቸው ነው። አፍሪካን ግሬይ የሚባለው፣ ግራጫ ሆኖ ጭራው ቀይ የሆነው በቀቀን፣ ጥሩ ከተያዘ 40 እና 50 ዓመት ይኖራል። ትልልቆቹ ማካውና ኮካቱም ያው ናቸው። ቺካጎ አጠገብ ባለው የብሩክፊልድ መካነ እንስሳት ይኖር የነበረው ኩኪ የተባለ ኮካቱ በ2016 ሲሞት 83 ዓመቱ ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) እንግዲህ አንድ ሰው በሃምሳ ዓመቱ ወፍ ቢገዛ፣ ወፉ ወራሽ ያስፈልገዋል። ባለቤት ይሞታል። አረጋውያን መኖሪያ ይገባል። ትዳር ይፈርሳል። ጎረቤት በጩኸቱ ይማረራል። ወፉ ከነኬጁ ይመጣል።

ያረጀ ግሬይ ካገኛችሁ እግሩ ላይ ያለውን ቀለበት ተመልከቱ። ዙሪያው ድፍን የሆነ፣ መገጣጠሚያ የሌለው ቀለበት ጫጩት ሳለ የገባለት ነው፤ ሰው ቤት ተፈልፍሏል ማለት ነው። መገጣጠሚያው የሚታይ የብረት ቀለበት ከሆነና ወፉም በጣም ያረጀ ከሆነ ግን፣ ብዙ ጊዜ ከባሕር ማዶ መጥቶ ኳራንቲን (በሽታ እንዳያመጣ ተለይቶ የሚቆይበት ቦታ) ውስጥ የተደረገለት ነው። አሜሪካ በ1992 በሕግ እስክትገድበው ድረስ በቀቀን ከአፍሪካ ጫካ እየተያዘ በገፍ ይገባ ነበር። የዱር ግሬይ ዓለም አቀፍ ንግድ እንዲታገድ የተወሰነው ደግሞ በ2016፣ ጆሃንስበርግ ላይ ነው። ጫካ ተወልዶ፣ ተይዞ፣ በአውሮፕላን መጥቶ፣ ቁጥር ተሰጥቶት የሚኖር ወፍ። "ይሄም ወረቀቱን ይዞ የመጣ ስደተኛ ነው" ብዬ አንድ ቀን ብቀልድ፣ አብሮኝ የቆመው ሐበሻ አልሳቀም።

በነገራችን ላይ በቀቀን ለአገራችን ባዳ አይደለም። ፊቱ ቢጫ የሆነው አረንጓዴ በቀቀን ከኢትዮጵያ ሌላ የትም አይገኝም። ክንፏ ጥቁር የሆነችው ትንሿ ላቭበርድ አዲስ አበባ ውስጥ እንኳ ዛፍ ያለበት ግቢ ትመጣለች። እነሱን ዛፋቸው ላይ እንዳሉ ተዉአቸው።

2. ቅጹን እውነቱን ሙሉት

ዝም ብላችሁ አትሂዱ። ደውሉ፣ ቀጠሮ ያዙ። ብዙዎቹ መጠለያዎች በሠራተኛ ሳይሆን በበጎ ፈቃደኛ ነው የሚንቀሳቀሱት፤ ሰው የሚቀበሉበት ሰዓት ጥቂት ነው። ለመውሰድ የምታስቡ ከሆነ ቅጽ ይልኩላችኋል። ይረዝማል።

ቅጽ ላይ ጥሩ ጥሩውን መጻፍ እንወዳለን። እዚህ ላይ ይቅርባችሁ። ቤት ውስጥ አስም ያለበት ሰው ካለ ተናገሩ። ግሬይ፣ ኮካቱና ኮካቲኤል የሚባለው ትንሹ ባለ ጉትያ በቀቀን ከላባቸው እንደ ዱቄት ያለ ነጭ ብናኝ ያራግፋሉ። ለአስም የማይሆን ነገር ነው። ብናኙ የሌለበት ሌላ ዝርያ ሊያሳዩአችሁ ይችላሉ። አፓርታማ ከሆነ አከራዩን አስቀድማችሁ ጠይቁ። የምትኖሩበትን ግዛት ሕግም እዩ፤ ለምሳሌ ኩዌከር የሚባለውን በቀቀን ፔንሲልቬንያና ካሊፎርኒያ ውስጥ ማሳደግ ክልክል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ቅጹ ላይ "ቤት ውስጥ የሚያጨስ አለ?" የሚል ጥያቄ አለ። ሐበሻው "የለም" ብሎ ያልፈዋል። ሲጋራ የለም፣ እውነቱን ነው። ቡናውስ? ዕጣኑስ?

የወፍ ሳንባ እንደኛ አይደለም። ከሳንባው ጋር የተያያዙ የአየር ከረጢቶች አሉት። አየሩ በሳንባው ውስጥ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ያልፋል። ስለዚህ ወፉ አየር ሲያስገባም ሲያስወጣም ኦክስጅን ይወስዳል። ለመብረር የተሠራ ነው። ጉዱ ግን ጥሩውን አየር እንደሚወስደው መርዙንም እንደዚያው አሟጦ መውሰዱ ነው። እኛን የሚያስነጥሰን ጭስ እሱን ያሳምመዋል። የቡና ቁሌት ጭስ፣ ከሰል ላይ የተጨመረ ዕጣን፣ ሰንደል፣ ሽታ ያለው ሻማ፣ ያረረ ሽንኩርት፣ ሁሉም።

ከሁሉም የከፋው ግን የማይሸተው ነው። የማይጣበቀው መጥበሻ፣ ቴፍሎን የምንለው፣ ከልክ በላይ ሲግል የሚወጣው ጋዝ ወፍን በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል ይችላል። እናንተ ማእድ ቤት ሆናችሁ ምንም አይታወቃችሁም፤ ወፉ ሳሎን ከቆጡ ወድቆ ታገኙታላችሁ። እዚህ አገር የምንጋግርበት የኤሌክትሪክ ምጣድም ላዩ የማይጣበቅ ዓይነት ከሆነ እዚያው ውስጥ ቁጠሩት።

ቡና አትቁሉ አልልም። እኔም አልችልም። ግን በረንዳ ወይም ውጭ ወጥታችሁ ቁሉ። ዕጣኑንም እዚያው አጭሱ። መጥበሻውን በብረት ወይም በስቲል ቀይሩ። ይህን አደርጋለሁ የማይል ሰው ወፍ ባይወስድ ይሻላል። ሄዶ ማየት ግን ይችላል፣ ማየት አይከለከልም።

3. የዕለቱ አለባበስ

ያረጀ ሸሚዝ ልበሱ። ኩስ ይወርድባችኋል፣ አታመልጡም። ሽቶ አትቀቡ። ቡና ሲቆላ የነበረበትን ልብስ ለብሳችሁ አትምጡ። ጉትቻ፣ ሀብል፣ ቀለበት ቤት ይቀመጥ። በቀቀን የሚያብለጨልጭ ነገር ካየ ምን እንደሆነ በምንቃሩ ሳያረጋግጥ አያድርም፤ ጉትቻው ጆሯችሁ ላይ መሆኑ የእሱ ችግር አይደለም። አንዳንዱ ኮፍያ ይፈራል። አንዳንዱ ደማቅ የጥፍር ቀለም ሲያይ ያብዳል።

ቤታችሁ ሌላ ወፍ ካለ ወይም ዶሮ የምታረቡ ከሆነ ተናገሩ። ልብስና ጫማ ቀይራችሁ ሂዱ። በሽታ በጫማም ይሄዳል።

ከወፍ ወደ ሰው የሚተላለፍ ሲታኮሲስ የሚባል በሽታም አለ። ብዙ ጊዜ አያጋጥምም፣ በአንቲባዮቲክም ይድናል። ነገር ግን ከጉብኝቱ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት፣ ራስ ምታትና ደረቅ ሳል ከያዛችሁ ለሐኪሙ "ወፍ ጋ ነበርኩ" በሉት። ካልነገራችሁት ጉንፋን ነው ብሎ ይሸኛችኋል። ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ወይም ሰውነቱ በሽታ የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ደግሞ ከመሄዱ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

4. ከበሩ እስከ ወንበሩ

እጃችሁን ታጠቡ። ቀስ ብላችሁ ግቡ። ኬጁ ጋ አትሩጡ፤ ሁለት ሦስት ሜትር ሲቀር ቁሙና በለሰለሰ ድምፅ ሰላም በሉ። በአማርኛም ይሆናል። እንዲያውም እኔ በአማርኛ ነው የማወራቸው። ሰምተውት የማያውቁት ቋንቋ ስለሆነ ነው መሰል፣ አንገታቸውን አዘንብለው ያዳምጡኛል።

ከዚያ ተቀመጡ። ቆሞ ከላይ ወደ ታች የሚያየውን ነገር ወፍ አይወደውም። ስትቀመጡም ፊት ለፊት አትሁኑ፣ ጎን ስጡት። አፍጥጣችሁ አትዩት። የበቀቀን ዓይኖች በግራና በቀኝ ናቸው፤ ዙሪያውን የሚያየው አዳኝ እንዳይበላው ነው። ሁለት ዓይን ገጥሞ ትክ ብሎ የሚያይ እንደ ጭልፊት ያለ አዳኝ ነው። እናንተ በፍቅር እያያችሁት ነው፤ እሱ ግን ሊበሉት የመጡ መስሎታል።

እኔ ይህን ሁሉ ያወቅሁት በጣቴ ነው። የመጀመሪያው ቀን ሩዲ የሚባል ሽማግሌ ግሬይ አሳዩኝ። ደስ አለኝ። በቀጥታ ሄድኩ፣ ፊቴን ከሽቦው አስጠጋሁ፣ "ሰላም ሩዲ!" ብዬ ጣቴን አስገባሁ። አትንካ ተብያለሁ፣ ሰምቻለሁ፣ አስገባሁ። የቀረውን መገመት ትችላላችሁ። ለውዝ የሚሰብር ምንቃር ለጣት አይራራም። ሩዲ ሦስት ወር አኩርፎኝ ቆየ፤ እጄን ባየ ቁጥር ያጉረመርም ነበር።

በዚያው ሰሞን እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ መጣች። አንድ ቅዳሜ የሚያውላት ሰው ስላልነበረ መጠለያው ይዣት ሄድኩ። ወፍ ለማየት ምንም ጉጉት የላትም። ነጠላዋን ተከናንባ የሩዲ ኬጅ አጠገብ ያለ ወንበር ላይ ጎኗን ሰጥታ ተቀመጠችና ስለ ብርዱ፣ ስለ መንገዱ ርዝመት፣ ስለ እኔ መክሳት ለራሷ ታወራ ጀመር። አንዴም ዞራ አላየችውም። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ሩዲ ሽቦውን በምንቃሩ እየያዘ ወረደና እሷ ወዳለችበት ጥግ ተጠጋ። ጭንቅላቱን ዘቅዝቆ ያያት ጀመር። "ምን ያየኛል ይሄ?" አለች። የመጠለያው ሰዎች እስከ ዛሬ ለአዲስ በጎ ፈቃደኛ ይህንኑ ነው የሚያወሩት።

5. ሰውነቱን አንብቡ

ይህ ክፍል ጊዜ ይፈልጋል፤ አትቸኩሉበት። ወፍ የሚናከሰው ድንገት አይደለም። አስቀድሞ ተናግሯል። እኛ አልሰማንም።

ዓይኑን እዩ። የዓይኑ መሀል ያለው ጥቁር ነጥብ ቶሎ ቶሎ ሲጠብብና ሲሰፋ ካያችሁ፣ ወፉ ስሜቱ ግሏል። ደስታም ሊሆን ይችላል፣ ንዴትም። ስለዚህ ዓይኑን ብቻውን አታንብቡ፣ ከሌላው ሰውነቱ ጋር ነው። ዓይኑ እንዲህ ሆኖ ጭራውን እንደ ማራገቢያ ከዘረጋ፣ የማጅራቱ ላባ ከቆመና ወደ ፊት ካጎነበሰ፣ እጃችሁን ሰብስቡ። አማዞን የሚባሉት አረንጓዴዎቹ በተለይ በዚህ ይታወቃሉ። ግሬይ ደግሞ ሲፈራ እንደ ውሻ ያጉረመርማል። መጀመሪያ የሰማ ሰው ከወፍ ይወጣል ብሎ አያምንም።

ላባውን ከሰውነቱ አጣብቆ ቀጥ ብሎ እንደ እንጨት ከቆመ ፈርቷል። ራቁ። ኮካቱ ጉትያዋን ድንገት ብድግ ካደረገች አንድ ነገር ቀስቅሷታል፤ ጉትያዋን ወደ ኋላ ለጥፋ አፏን ከፍታ "ሽሽሽ" ካለች ግን በቃ፣ ሂዱልኝ ማለቷ ነው።

ደግ ምልክቶቹም አሉ። አንድ እግሩን ሆዱ ውስጥ ሸጉጦ በአንድ እግር ከቆመ ተመችቶታል። ላባውን አንዴ አራግፎ ጸጥ ካለ፣ እንደኛ "ኡፍ" እንደ ማለት ነው። ምንቃሩን ከላይና ከታች እያፋጨ ክርር ክርር ሲያደርግ ብትሰሙ አትደንግጡ። እንቅልፍ ሲመጣው ነው። እናንተ ባላችሁበት እንቅልፍ ከመጣው፣ ለአንድ ቀን ከበቂ በላይ ነው።

አንድ ግን የሚያሞኝ ምልክት አለ። ጭንቅላቱን ደፍቶ የማጅራቱን ላባ ነፋ ያደርግና "እከኩኝ" ይላል። ከሚያውቀው ሰው ጋር እውነቱን ነው። ከእንግዳ ጋር ግን አንዳንዱ ዋሾ ነው። ጣታችሁን ስታስጠጉ ገልበጥ ብሎ ይይዛችኋል። ለመጀመሪያ ቀን አትመኑት።

ላባውን ነፍቶ፣ ዓይኑን ጨፈን ጨፈን እያደረገ፣ ሲተነፍስ ጭራው ከፍ ዝቅ የሚል ወፍ ካያችሁ ለሠራተኛው ንገሩ። ወፍ ሕመሙን ይደብቃል፤ ዱር ውስጥ አዳኝ መጀመሪያ የሚበላው የታመመውን ወፍ ነው። መደበቅ ሲያቅተው ብሶበታል ማለት ነው።

ደረቱ ላባ የሌለው፣ እንደ ተነጨ ዶሮ የሆነ ወፍም ታያላችሁ። ራሱን ነው የነጨው። መሰልቸት፣ ብቸኝነት፣ ፍርሃት፣ አንዳንዴም የውስጥ በሽታ ያመጣዋል። ለረጅም ጊዜ ከነጨ ላባው ላይመለስ ይችላል። ልጆቻችሁ "አስቀያሚ" እንዳይሉት ከመግባታችሁ በፊት ንገሯቸው። እኔ ካየኋቸው ወፎች ሁሉ ሰው ወዳዱ እንዲህ ዓይነቱ ነበር።

6. ምግብ ስጡት፣ ግን ከኪሳችሁ አይደለም

ቦርሳችሁ ውስጥ ያለውን ቆሎ አታውጡ። መጀመሪያ ሠራተኛውን ጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቁራጭ አልሞንድ ወይም ጥቂት የሱፍ ፍሬ ይሰጧችኋል። ሱፍ ለበቀቀን እንደ ከረሜላ ነው። ይወደዋል፣ ስብ ይበዛበታል፤ ዕለት ዕለት ሱፍ ብቻ ሲበላ የኖረ ወፍ ቫይታሚን ኤ አጥሮት፣ ጉበቱ ተጎድቶ ይመጣል።

በእጅ መስጠት የሁለተኛ ቀን ሥራ ነው። በመጀመሪያው ቀን ፍሬውን ሳህኑ ውስጥ ጣሉለትና ወደ ወንበራችሁ ተመለሱ። እንደገና ተነሱ፣ ጣሉ፣ ተመለሱ። አምስት ስድስት ጊዜ። ወፉ "ይሄ ሰው ሲመጣ ደግ ነገር ይመጣል፣ ከዚያ ደግሞ ይሄዳል" ይላል። የመሄዱ ነገር ከፍሬው እኩል ነው። ሲለምድ በረጅም ማንኪያ ስጡት።

አቮካዶ በፍጹም አይሰጥም፣ ለወፍ መርዝ ነው። ቸኮሌት፣ ቡና፣ አልኮል፣ ሽንኩርትና ጨው ያለበት ነገርም እንደዚያው። አንድ ጊዜ አንድ ደግ አባት ከያዘው ሳንድዊች ልጁ ለማካው ስትቆርስ ደርሼ ነው የቀማኋት። ውስጡ ያለው አቮካዶ ነበር።

7. ክንዳችሁ ላይ መውጣት

ምናልባት በሁለተኛው፣ ምናልባት በስድስተኛው ጉብኝት። ሠራተኛው ይሆናል ሲል ብቻ። ከኬጁ ውስጥ አታውጡት፣ ራሱ ወጥቶ ቆጥ ላይ ይቁም።

ጣታችሁን አትዘርጉለት። እጃችሁን ጨብጣችሁ ክንዳችሁን እንደ እንጨት አግድም አድርጉና ከእግሮቹ ትንሽ ከፍ ባለ ቦታ፣ ከሆዱ በታች አቅርቡ። "ና፣ ውጣ" በሉት። ጠብቁ። የድሮው ዘዴ ሆዱን ገፋ ማድረግ ነበር፤ አሁን የሚያስተምሩት እምቢ የማለት መብት እንዲኖረው ነው። እኔም በዚህ እስማማለሁ። እምቢ ማለት የተፈቀደለት ወፍ እምብዛም አይናከስም።

እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው። ወፉ ለመውጣት ሲያስብ መጀመሪያ ምንቃሩን ወደ ክንዳችሁ ይዘረጋል። ሊነክሳችሁ አይደለም። ምንቃሩ ሦስተኛ እጁ ነው፤ እንጨቱ ይችለኛል ወይ ብሎ እየሞከረ ነው። ያን ጊዜ ክንዳችሁን ሸሸት ካደረጋችሁ እንጨቱ ተንቀሳቀሰ፣ አይታመንም። ሁለተኛ አይመጣም። ስለዚህ ፍርሃታችሁን ዋጥ አድርጉና እንደ ግድግዳ ቀጥ በሉ። ከዚያ እግሩን ያሳርፋል። ሁለት ጣት ወደ ፊት፣ ሁለት ጣት ወደ ኋላ ነው የሚይዘው፤ ጠበቅ ይላል።

ትከሻ ላይ አታውጡት። ዓይናችሁና ጆሯችሁ እዚያ ናቸው፣ እናንተም ፊቱን አታዩትም።

ከነከሰ አትጩኹ። ባለጩኸት ሰው ለበቀቀን ትርዒት ነው፣ ደግሞ ይሞክራል። እጃችሁን አታራግፉ፣ አትምቱት። በዝግታ ወደ ቆጡ መልሱትና ራቁ። ቁስሉን በሳሙናና በውሃ እጠቡ። ከጠለቀ ሐኪም ይየው።

8. መንካት

ጭንቅላትና አንገት ብቻ። ጀርባውን፣ ክንፉ ሥር፣ ጭራው አካባቢ አትዳብሱ። እንደ ድመት ጀርባውን መዳበስ ለሰው ደግነት ነው፤ ለበቀቀን ግን የጥንድ ጨዋታ ነው፣ ከናንተ ጋር ሊጋባ ያምረዋል። ልጆች ካሉ በጨዋ አማርኛ አስረዷቸው።

9. "ተናገር!" አትበሉት

ሐበሻ ሁሉ የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ "ይናገራል?" ነው። ቋንቋችን ራሱ "እንደ በቀቀን" ሲል ሳይገባው የሰው ቃል የሚደግምን ሰው ማለቱ ነው። ለወፉ ፍትሐዊ አይደለም። አይሪን ፔፐርበርግ የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1977 ቺካጎ ካለ ሱቅ የገዙት አሌክስ የተባለ ግሬይ በ2007 እስኪሞት ድረስ 100 ያህል ቃላት ተምሮ ነበር። ቀለም፣ ቅርጽና ብዛት እየለየ ይመልስ ነበር። ያ ግን የሠላሳ ዓመት ሥራ ነው። ብዙ በቀቀን ጨርሶ አይናገርም። የሚናገረውም እንግዳ ፊት አፉን ይዘጋና ጀርባችሁን ሰጥታችሁ ከክፍሉ ስትወጡ ይጀምራል። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ እኔን ሁሌም ያስቀኛል።

10. ስትወጡ

ለመጀመሪያ ቀን ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ወፉ ሳይሰለች፣ ደህና ነገር ላይ እያላችሁ ተነሱ። ደህና ሁን ብላችሁ ውጡ። ከዚያ ሠራተኛውን ያዙና ጠይቁት። ለምን መጣ? ስንት ቤት አይቷል? ምን ይበላል? በቀን ስንት ሰዓት ይጮሃል? (ጠዋትና ማታ መጮህ ተፈጥሮው ነው፤ "አይጮህም" ካሏችሁ እንደገና ጠይቁ።) የሚፈራው ምንድን ነው? ወንድ ይወዳል ወይስ ሴት? የወፍ ሐኪም መጨረሻ መቼ አየው? የተራ ውሻና ድመት ሐኪም ወፍ ላያውቅ ይችላል፤ በአካባቢያችሁ የወፍ ሐኪም የት እንዳለ አሁኑኑ ጠይቁ።

ከዚያ ቤት ሄዳችሁ አንድ ሳምንት ቆዩና ተመለሱ። በዚያው ቀን ወስዳችሁ ሂዱ የሚል መጠለያ ከገጠማችሁ እኔ እጠራጠር ነበር። ደህናዎቹ ብዙ ጊዜ መምጣታችሁን ይፈልጋሉ፣ ኮርስ ይሰጣሉ፣ ቤታችሁን መጥተው ያያሉ። አትቀየሙ።

ሄዳችሁ ሄዳችሁ የወደዳችሁት ወፍ ባይወዳችሁስ? ይሆናል። ሌላው ጥግ ያለው አይቷችሁ ሊሆን ይችላል። ሩዲን እኔ ልወስደው አስቤ ነበር። ሦስት ወር ያኮረፈኝን እንኳ ረስቼለት። አንድ ቅዳሜ ግን አንዲት ሴትዮ ኮካቲኤል ልታይ መጣች። ቅጹን የምትሞላበት ቦታ አጥታ የሩዲ ኬጅ አጠገብ፣ እናቴ የተቀመጠችበት ወንበር ላይ፣ ጀርባዋን ሰጥታው ተቀመጠች። ገጹን ስትገለብጥ ከኋላዋ በሹክሹክታ "ሄሎ" አላት። ቀና አላለችም፣ "ሄሎ" ብላ መጻፏን ቀጠለች። ሁለተኛውን ገጽ ስትጨርስ ሩዲ ሽቦው ላይ ተለጥፎ ጭንቅላቱን ደፍቶ ነበር። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አዲስ ቅጽ ስጡኝ አለች።